አባቴ ሳይሞት ያቋቋምኩት የቀብር ኮሚቴ

አባቴ ሊሞት ወራት ሲቀሩት እኔ ቀብሩን አደራጅቼ ጨርሼ ነበር። የቀረው የእሱ መሞት ብቻ ነበር።

እንዲህ ስል አባቱን የሚጠላ ልጅ እንዳልመስል። እወደው ነበር። ችግሩ በዚያን ጊዜ ለእኔ ሰውን መውደድ ማለት ሰውን ማደራጀት ማለት ነበር። ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዘመኑም የደርግ፣ የኮሚቴ ዘመን ነው። ለጽዳት ኮሚቴ አለ፣ ለመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ አለ፣ ለሻይ ክበቡ ሳይቀር ኮሚቴ አለ። እኔ የሌለሁበት አልነበረም። ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካ ነበር፤ አንዱ አይጽፍም።

አባቴ በወጣትነቱ ከመንዝ ወርዶ ደቡብ ኦሞ የገባ ነጋዴ ነው። ጨው፣ አቡጀዲ፣ ምላጭ፣ ኩራዝ ይሸጣል። ከሐመርና ከበና ለገበያ የሚመጡ ሴቶች ዶቃ የሚመርጡት ከእሱ ሱቅ ነበር። እናቴ ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ ያለው የገዘር ልጅ ናት፤ በብሔር አሪ ናት፣ ጴንጤ ናት። እሱ ጾሙን ይጾማል፣ እሷ መዝሙሯን ትዘምራለች። ሲጋቡ የሁለቱም ወገን አኩርፎ ነበር ይባላል። እኛ ስንደርስ ግን ኩርፊያው በርዶ፣ የእሱ ጓደኞች ፋሲካን፣ የእሷ ዘመዶች ደግሞ ማንኛውንም ቀን እኛ ቤት ይበሉ ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ነን፤ እኔና አርባ ምንጭ ያገባች ታላቅ እህቴ።

የዝናቡ ወራት ሲጀምር አባቴን ጎኑን ያመው ጀመር። ከሳ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ እኔን ወደ ጎን ጠራኝ።

«ጉበቱ ላይ ያበጠ ነገር አለ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ልጽፍለት እችላለሁ። ግን ላታልልህ አልፈልግም፤ የሚድን በሽታ አይመስለኝም። ቤቱ ሆኖ ማስታገሻ እየወሰደ መቆየትም አንድ ምርጫ ነው። ጠይቀውና የሚለውን ንገረኝ።»

ጠይቀው ያለውን በደንብ ሰምቻለሁ። ግን በእኛ ዘንድ ስለ በሽታው ከሰው ሁሉ በኋላ የሚሰማው በሽተኛው ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ የእድር ዳኛው ያውቃል፣ የአስከሬን ሣጥን የሚሠራው አናጢ ያውቃል፤ በሽተኛው «ትንሽ ብርድ ነው» ተብሎ ይተኛል። እኔም በዚሁ ደንብ መሠረት ስወጣ አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

«ምን አለ?»

«ጨጓራ ነው አለ፣ አባባ።»

«ለጨጓራ ነው ይህን ያህል የተንሾካሾካችሁት?» አለና ከዘራውን ይዞ ተነሣ።

ለእህቴ ቴሌግራም አደረግኩላት። በከተማው መካከል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ሜዳ ላይ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ፣ ከብት የሚያባርሩትን ሰዎች እየረዳሁ ጠበቅኳት። ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ «አዲስ አበባ እንውሰደው» አለች። እኔ ደግሞ ከዚያ አልፌ ሄጄ ነበር። የእኔ ሐሳብ አባታችን ሲያርፍ አስከሬኑን መንዝ ወስደን፣ ከአያቶቹ ጎን፣ በአገሩ አፈር ላይ እንድናሳርፈው ነው።

ይህን ከየት አመጣሁት? ከራሱ። በዓል በመጣ ቁጥር ሁለተኛውን መለኪያ ሲጨልጥ «ምነው አጥንቴ መንዝ ቢገባ!» ይል ነበር። እኔ መንዝን ያየሁት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በካርታ ነው። በካርታው ላይ ከጂንካ እስከ መንዝ አንድ ክንድ አይሞላም።

መጀመሪያ ማድረግ ያለብኝ መኪና መፈለግ ነበር። ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ሰሜን የሚወጣ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር አናገርኩ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ወንድሜ፣ መቼ ነው የሚሞቱት?» አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። «እንግዲህ ቆዳው ሳይሸትብኝ እኔ ልሂድ፣ እሳቸውም ይቆዩ፤ ሲደርስ እንነጋገራለን» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ቀጥሎ ቀበሌ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ሰው ከአገር አገር ያለ ይለፍ ወረቀት አይሄድም፤ አስከሬንም ያው ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጠየቀኝ።

«ሟቹ ማነው፣ ጓድ?»

«አባቴ ናቸው።»

«ነፍስ ይማር! እኔ እኮ አልሰማሁም። መቼ ነው ያረፉት?»

«አላረፉም። ገና ናቸው።»

ሊቀ መንበሩ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰው። «ታዲያ ይለፉ ለማነው?»

«ለአስከሬናቸው። በኋላ እንዳንቸገር፣ በእቅድ ለመሥራት ነው።»

«ጓድ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት አባትህ ሱቅ በራፍ ላይ ከእኔ ጋር ዳማ ተጫውተው አሸንፈውኛል። ለሚያሸንፈኝ ሰው የአስከሬን ይለፍ ብጽፍ ሕዝቡ ምን ይለኛል?»

አፍሬ ወጣሁ። አፍሬ ግን አልቆምኩም፤ ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት አናጢው ዘንድ ነው። ከዋንዛ እንጨት ጥሩ ሣጥን እንዲሠራልኝ ነገርኩት። «ቁመታቸው ስንት ነው?» አለኝ። እዚህ ላይ ተደናቀፍኩ። አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ ከታች ወደ ላይ ሳየው ስለኖርኩ ረጅም መሆኑን እንጂ ልኩን አላውቅም።

ማታ ከልብስ ሰፊው የተዋስኩትን ሜትር ይዤ ቤት ገባሁ። አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል።

«አባባ፣ ለበዓል ኮት ላሰፋልዎ ነው፤ ልለካዎት» አልኩት።

ሜትሩን አየ። ከዚያ እንደ ታዛዥ ልጅ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ሜትሩን ከራሱ ጀምሬ እስከ ተረከዙ አወረድኩት። ስጨርስ ነው የተናገረው።

«ትከሻዬን ሳትለካ ኮት ይሰፋል?»

«ትከሻውን… በግምት።»

«ይህ ኮት» አለ አባቴ፣ «ክዳን አለው?»

እናቴ ከጓዳ ሰማች። ሣጥን በቁም ማዘዝ ሟርት መሆኑን ለማወቅ ኦርቶዶክስም ጴንጤም መሆን አያስፈልግም። እናቴ ስትቆጣ አማርኛዋን ጥላ ወደ አሪኛ ትገባለች፤ ያን ማታ ከአሪኛው ሳትወጣ እራት ቀረበ። አባቴ ብቻ ይስቅ ነበር፤ ሲስቅ ጎኑን ስለሚያመው በእጁ ይዞ ይስቃል። ሣጥኑ ከቤታችን ደጃፍ ሳይደርስ ቀረ። በሳምንቱ አንድ ጎረቤት በድንገት አረፈና አናጢው ለእነርሱ ሰጣቸው። አባቴ ለቅሶ ደርሶ ተመልሶ «ጠብቦታል» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ስህተቴ በግል መሥራቴ ነው፣ ጉዳዩ በጋራ መታየት አለበት ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ኮሚቴ አቋቋምኩ። እህቴ፣ ታላቁ አጎቴ (የእናቴ ወንድም፣ ከገዘር)፣ የእድሩ ዳኛና እናቴ አባላት ሆኑ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ስብሰባው የተካሄደው ሳሎን ነው፤ አባቴ የተኛው ደግሞ ከመጋረጃ ወዲያ፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ።

ተነሥቼ ቆምኩ። «የዛሬው አጀንዳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአባታችን ሕክምና ወዴት ይቀጥል የሚለው ነው። ሁለተኛው…» ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ «ሁለተኛው ያው የታወቀው ነው።»

እህቴ አዲስ አበባ አለች። አጎቴ መንገዱ ሰው ይገድላል አለ። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ባለፈው ዝናብ ስለተቀደደ ይህም ግምት ውስጥ ይግባ አለ። እኔ ስለ መንዝ፣ ስለ አፈርና ስለ አያቶች አጥንት ረጅም ንግግር አደረግኩ። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። ሁላችንም አንድ ላይ ስንጮህ ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ አባቴ። «እኔ የስብሰባው አባል ነኝ ወይስ አጀንዳ?»

እናቴ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችው። ትራሱን ደግፋ አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ እውነቱን ንገሩኝ» አለ ወደ እኔ እያየ። «ጨጓራ አትበለኝ።»

በዚያ ሁሉ ስብሰባ ተናግሬ የማላውቀውን አጭር ንግግር ያደረግኩት ያን ቀን ነው። «ጉበት ነው፣ አባባ። አይድንም ነው ያሉት። አዲስ አበባ ሊጽፉልዎ ይችላሉ፤ እዚሁ ሆነው ማስታገሻ መውሰድም ይችላሉ። እርስዎን ጠይቅ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠይቀኝ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። «መንገድ ላይ ያለውን የወይጦን በረሃ በዚህ ሆድ በመኪናም በአውሮፕላንም አላቋርጠውም» አለ። «አዲስ አበባ ሄጄ የማላውቀው ሰው እጄን እንደያዘኝ ከምሞት እዚሁ የሚያውቁኝ ሰዎች ይሰልቹኝ። ማስታገሻውን አምጡልኝ፤ ከዚያ ሌላ ሥጋ አትብላ፣ ጎመን አትብላ የሚለኝ ሰው አልፈልግም።» የመጨረሻው ለእኔ ነበር፤ የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

«ቀብሬ ደግሞ ገዘር ነው።»

«ገዘር?» አልኩ። «መንዝስ?»

«መንዝ የሚያውቀኝ ሁሉ ሞቷል። ማን ሊቀበለኝ ነው?»

«በዓል በመጣ ቁጥር መንዝ መንዝ ይሉ አልነበረም እንዴ?»

«እሱማ አረቄው ነው የሚለው!»

የእድሩ ዳኛ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልቻለም። አባቴ ግን አልሳቀም፤ እናቴን እያየ ነበር። «እዚህ አገር ስገባ መጀመሪያ ጨው ይዤ የተቀመጥኩት ገዘር ገበያ ነው። እናታችሁ ጨውህ አሸዋ አለው ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ነበረውም። ቤተ ክርስቲያኑ ከእናታችሁ ወገኖች የቡና ማሳ በላይ ነው፤ እዚያ ብሆን ቡና ለመልቀም ስትወጣ ታልፍብኛለች።»

እናቴ ወለሉን እያየች በአሪኛ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ አጎቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ የንስሐ አባቱ መጡ። አባቴ በደንብ አድርጎ ነገራቸው፤ ገዘር እንደሚቀበር፣ ተዝካር ብለው ልጆቹ እንዳይደኸዩ፣ ለድሆች ዳቦና ጠላ እንደሚበቃ። በመጨረሻ «አባ፣ የሚስቴ ዘመዶች ሊዘምሩልኝ ይፈልጋሉ» አለ።

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በቅጥሩ ውስጥ አይሆንም» አሉ በኋላ። «ፍትሐቱ ፍትሐት ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለው መንገድ ግን የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ የመንገድ ዘበኛ አይደለሁም።»

እዚህ ላይ የፈራሁት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ የእናቴ ወገኖች ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር፤ የሚዘምሩት በየቤቱ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው። በአደባባይ ቢዘምሩ የእኔ እንጀራ ምን ይሆናል ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። «ሰው ሲሞት ዝም አይባልም» አለችኝ። አለቀ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ከማናችንም ግምት በላይ ቆየ። ቆጮውን በጎመን በላ። ሱቁ በራፍ ላይ ወንበር አውጥተንለት ፀሐይ ይሞቃል፤ ለገበያ የመጡት ሴቶች ዶቃ ሳይገዙ አጠገቡ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ሕመሙ ሲበረታ ማስታገሻውን ከሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ሁሉ ወራት በትክክል የሠራሁት ሥራ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሲሞት አልነበርኩም። ሁሉን ያቀድኩት ሰው፣ ጠዋት ላይ የኤንትሬው ሾፌር ከተማ ገብቷል ሲሉኝ ገዘር ድረስ ያደርሰን እንደሆነ ለመነጋገር ሄጄ ነበር። ስመለስ ጎረቤቶች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። እናቴ እግሩን በሁለት እጇ እንደያዘች ናት።

«ዝናቡ አባራ? ብሎ ጠየቀኝ» አለችኝ። «አባርቷል አልኩት። ከዚያ አልተናገረም።»

አላለቀስኩም፤ ድንኳኑን ማን ይተክላል እያልኩ እሮጥ ጀመር። የእድሩ ዳኛ ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። «ልጄ፣ ለዚህ እኮ እድር አለ። አንተ ተቀመጥና አልቅስ» አለኝ። ትእዛዝ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ኤንትሬው የገዘር ዳገት ሥር ሲደርስ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ገና ሳንወርድ የእናቴ ዘመዶች ቃሬዛ ይዘው ከላይ ሲወርዱ አየን። አንድ ጊዜ እነርሱ፣ አንድ ጊዜ የአባቴ የሸዋ ነጋዴ ጓደኞች እየተቀባበሉ አዲስ የተሠራውን ሣጥን ተሸከሙት። ከእነርሱ መካከል አንድ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ትከሻው ከሁሉም ስለሚበረታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አልለቅም አለ።

እኔ ግን የመሪነት ስሜቴ ተመለሰ። በቀለም ያብለጨለጨ ጥቁር ቆዳ ጫማዬን አድርጌ ከሣጥኑ ፊት ቀደምኩና «ወደ ቀኝ! ቀስ በሉ! እዚህ ጋ ያዳልጣል!» እያልኩ ወደ ኋላዬ እየዞርኩ እመራ ጀመር። ያዳልጣል ባልኩበት ቦታ አዳለጠኝ። በቂጤ ተቀምጬ ቁልቁል ወደ ሣጥኑ ተንሸራተትኩ። አጎቴ ከመዝሙሩ ሳይወጣ በአንገትጌዬ አንሥቶ እንደ ጆንያ ከመንገዱ ዳር አስቀመጠኝ፤ ሁሉም በፊቴ አለፉ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ስታልፍ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ፍትሐቱ በቅጥሩ ውስጥ ተደረገ፤ ዘማሪዎቹ ከአጥሩ ውጭ ጠበቁ። አፈሩ ሲመለስ መዝሙሩን ከውጭ እንደገና ጀመሩት፣ በሙሉ ድምፃቸው። ከመሥሪያ ቤታችን የመጣው ካድሬ ለመዝሙሩ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ የወይራ ዛፍ በጥልቅ ሲመረምር ቆየ። እኔ በዚያ ሁሉ መካከል ያዘጋጀሁትን የሕይወት ታሪክ አነበብኩ፤ ጭቃ የነካው ወረቀት ነው። «ሟች አባታችን ከጭቁኑ ሕዝብ አብራክ ወጥተው» ብሎ ይጀምራል። ማንም አልሰማኝም። ካድሬው ብቻ ስጨርስ መጥቶ እጄን ጨበጠና «ጥሩ ትንታኔ ነው» አለኝ።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን እናቴ ደጃፍ ላይ ባቄላ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስማ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «እኔን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እንዳታመጣኝ። እኔ ከእናቴ ጎን፣ ከቡናው ማሳ ጥግ።»

ደነገጥኩ። «አባባ እኮ ገዘርን የመረጡት ላንቺ ብለው ነው!»

«አውቃለሁ። ቅርብ ነው፣ ይተያያል። ያን ሁሉ ዘመን ሲያንኮራፋ አጠገቡ ተኝቻለሁ፤ ትንሽ ልረፍ። የትንሣኤ ቀን ይጠራኛል፤ ድምፁ እንደሆነ ትልቅ ነው።»

ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ልከራከራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

«ከማሳው በየትኛው በኩል?» አልኳት።

«ነገ እንሂድና አሳይሃለሁ።»

በማግስቱ በእግራችን ገዘር ወጣን። ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ፣ ጥላ ያለው ጥሩ ቦታ ነው። ከዚያ የቡናውን ሥር አየችና አረሙ በጣም በዝቷል አለች፤ ከወንድሟ ቤት ገጀራ ተቀብላ ሰጠችኝ። እሷ ከማሳው ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጣ እዚያ ጋ ቀረ፣ እዚያም ጋ ቀረ እያለች፣ እስኪመሽ ስመነጥር ዋልኩ።